የምርቃቱ ድንኳን

ሠርካዲስ ጌጃ ሰፈር ውስጥ በተከራየችው ግቢ ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ከከፈተች አምስት ዓመት ሆናት። ልጆቹ ፊደል ሲቆጥሩ የጣሪያው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ ሲዘምሩማ አያድርስ ነው። ይህ ያንገበገባቸው የአጥር ጎረቤቷ ጋሽ ደገፋ «ሰፈሩን በጩኸት ረበሸች፤ ትነሣልን» ብለው ቀበሌ ከሰዋታል። ውሳኔው ሰኞ ነው። ተነሺ ከተባለች ሌላ ግቢ የላት፣ ሌላ ሥራ የላት፤ አለቀላት።

ቅዳሜ ግን የሕፃናቱ ምርቃት ነበርና ሰኞን ለሰኞ ትታ ሽር ጉድ ትላለች። ሰኔ ነው፤ ሰማዩ ጠቁሯል። ወላጅ ሊበሰብስብኝ ነው ብላ የእድሩን ዕቃ ጠባቂ ሙሌን ለምና ድንኳኑን ደጇ ላይ አስተከለች። ተመራቂዎቹንም ጥቁር ጋውን አልብሳ በሩ ላይ አሰለፈቻቸው። ሠርካዲስ ብልህ ሴት ናት፤ የእድር ድንኳን ሰው ደጅ ላይ ሲታይ ሰፈርተኛው ምን እንደሚል ግን ያን ቀን ጨርሶ አልታያትም።

ቤካ የሚባለውን ተመራቂ ክፍል አስገብታ፣ ዓይኑ ላይ የወደቀውን ቆብ በመርፌ ቁልፍ ስታጠብቅለት ከውጭ ጩኸት ተሰማ።

«ወይኔ ሠርካዲስ! ወይኔ እህቴን!»

ጋሽ ደገፋ ናቸው። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይሏል ይኼ ነው። ከልደታ ማርያም ሲመለሱ ድንኳኑንና ጥቁር የለበሱትን ሕፃናት ከሩቅ አይተው፣ ማንንም ሳይጠይቁ እየጮሁ ገቡ። ግቢው ውስጥ የምታድረው እሷ ብቻ ናት፤ ሌላ ማን ይሞታል? የሰፈሩ ሴቶችም ድምፃቸውን ሰምተው ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ተከተሏቸው። አግዳሚ ላይ የተደረደሩት ወላጆች አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«እነዚህን ሁሉ ለማን ጥለሽ? ሰዓቴን የማስተካክለው በደወልሽ አልነበረም ወይ!» አሉ ጋሽ ደገፋ ደረታቸውን እየደቁ። «እኔ ክፉው ከሰስኩሽ! የኔዎቹ አግብተው ከወጡ ወዲህ፣ ያንቺ ልጆች ባይጮሁ ቤቴ መቃብር ነበር!»

ሠርካዲስ መርፌ ቁልፉን እንደያዘች በመስኮት አጮልቃ አየች። ይጠሉኛል ስትል የኖረችው እኚህን ሰው ነው! ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሆዷ ግን በሳቅ ሊፈነዳ ደርሷል።

«ሚስ፣ የሚያለቅሱት ወድቀን ነው እንዴ?» አለ ቤካ።

«ሁላችሁም አልፋችኋል የኔ ጌታ» ብላ እጁን ይዛ ወጣች። «ጋሽ ደገፋ፣ እኔ አለሁ!»

«በስመ አብ!» ወደ ኋላ ሲሸሹ አግዳሚ ላይ ዘጭ አሉ። ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ታዲያ ካልሞትሽ የእድሩ ድንኳን እዚህ ምን ይሠራል?»

«ለዝናቡ ነው እኮ ጋሼ! ልጆቹን ላስመርቅበት።»

መጀመሪያ አንዲት እናት አፏን በነጠላዋ ይዛ ፈነዳች፤ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ። አልቃሾቹም ነጠላቸውን መልሰው እልልታውን አቀለጡት። ሠርካዲስ ጋሽ ደገፋን ጎትታ ፊት አስቀመጠቻቸው፤ የክብር እንግዳ አደረገቻቸው። የምስክር ወረቀቱን ለየልጁ ሲሰጡ አፈሩ፣ ሳቁ፣ እንደገና አለቀሱ።

ሰኞ ቀበሌ ቀረቡ። ሠርካዲስ ገና አላመነችም፤ ሰው በለቅሶ የተናገረውን ሲረጋጋ ሊክደው ይችላላ።

«አቤቱታዎ እንደጸና ነው?» አለ ሊቀመንበሩ። «ሰፈሩን በጩኸት የሚረብሸው ማን ነው?»

ጋሽ ደገፋ ተነሡ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ቅዳሜ ዕለት ሰፈሩን በአንድ እግሩ ያቆምኩት እኔ ነኝ። እሷን ተዋት፤ ታስተምር።»