«አቤት» የሚባልበት ክፍል

የሟች ባሌ ታናሽ ወንድም የሽንት ምርመራ ውጤት እንደገና ከፍ ብሎ መጣ። ዩራኒየም ሰውነቱ ውስጥ እየገባ ነው ማለት ነው። ጭንብሉን ራሴ መርምሬዋለሁ፤ ፊቱ ላይ በደንብ ይገጥማል፣ ማጣሪያውም አዲስ ነው። የሚሠራበት ፋብሪካ የደህንነት ኃላፊ እኔ ነኝና በየት በኩል እንደሚተነፍሰው ማወቅ ነበረብኝ። ጭንብሌን አጥልቄ ቢጫው የዩራኒየም ዱቄት በርሜል ወደሚሞላበት ክፍል ገባሁና ጥግ ይዤ ቆምኩ።

ብዙም አልጠበቅሁ። ሠራተኞቹ በሌለበት «ጡሩምባ» የሚሉት ፎርማን ከክፍሉ የመስታወት ግድግዳ ወዲያ ሆኖ ተጣራ።

«አንተ ቀጮ!»

የባሌ ወንድም ጭንብሉን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ «አቤት ጋሼ!» አለ። ዱቄቱ ገና ከበርሜሉ አፍ ላይ እየቦነነ ነበር። ቀጥሎ የተጠራውም እንዲሁ አደረገ። አፋቸውን ሸፍነው ለታላቅ መመለስ ነውር ሆኖባቸው፣ ዱቄቱን በጨዋነት ይስቡታል።

ወጥቼ ፎርማኑን «ከእንግዲህ አትጥራቸው። መስታወቱን አንኳኳ፣ እጃቸውን ያነሱልሃል» አልኩት።

«ከብት ነው እንዴ የማግደው? ስጠራው ዝም የሚለኝ ሰው ነገ እንዳይመጣ።»

«ያንን ዱቄት እየሳቡት ነው።»

«ባልሽ ስለሞተብሽ ፋብሪካውን ሁሉ ጥቁር ልታለብሺው ነው?»

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሄጄ፣ ቢጠሩም ጭንብላቸውን እንዳይነኩ፣ እጃቸውን ብቻ እንዲያነሱ ነገርኳቸው።

«እንደ ተማሪ? ሽንት ቤት ልሂድ ልንለው ነው?» አለ አንዱ፤ ሳቁ። የባሌ ወንድም አልሳቀም።

«እትዬ፣ ሰውዬው ያባርረኛል።»

«ያባርርህ።»

«አንቺ ምን አለብሽ!»

ከሰዓት በኋላ ፎርማኑ ተጣራ። የባሌ ወንድም እጁን አነሳ። ደግሞ ተጣራ፤ ደግሞ አነሳ። ያኔ ፎርማኑ በሩን በርግዶ በባዶ ፊቱ ገባና «ደንቁረሃል?» እያለ የባሌን ወንድም የጭንብል ማሰሪያ ጎተተው። ጥጉ ላይ ቆሜ ስለነበር ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ ተጫንኩት። የዱቄቱ መውረጃ ቆመ።

«ማን አባቱ ነው ያቆመው?»

«እኔ ነኝ። ውጣ።»

«ይሄን ሰውዬ ይዘሽው ውጪ! ሁለተኛ እዚህ ክፍል እንዳላየው!»

የባሌ ወንድም እንድከራከርለት ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ይሁን» አልኩ።

ፎርማኑ በመጥራት ፈንታ መስታወቱን ማንኳኳት እስኪጀምር ድረስ ሥራው እንዲቀጥል አልፈቀድኩም። በሦስተኛው ቀን ፎርማኑ ሊሰብረው እስኪደርስ አንኳኳ። የባሌን ወንድም በግማሽ ደመወዝ የውጭ በር ጠባቂ አደረጉት። ሳልፍ ፊቱን ያዞርብኛል። የሚቀጥለው ውጤቱ ወረደ፤ ልነግረው ብሞክር «ለራስሽ አንብቢው» አለኝ።

ማታ አማቴ ዘንድ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች።

«የልጄን እንጀራ ቆረጥሽ» አለችኝ። «የቀረኝ እሱ ብቻ እንደሆነ እያወቅሽ።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

በሩን ዘጋችው።