የዮሃና ባል በሰሌዳው ላይ

ዮሃና ባል ያስፈልጋት ነበር፤ ለአንድ ቀን፣ ለፎቶ። እኔ ደግሞ ሶፋና ቁም ሳጥን ከምንሠራበት እንጨት ቤት አጠገብ፣ እሷ በምትሠራበት ጁስ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ አቮካዶ እየጠጣሁ በሐሳቤ ስንት ጊዜ ከጎኗ ቆሜያለሁ። በአፌ ግን ከ«ስኳር ቀንሺልኝ» ያለፈ ነገር ነግሬያት አላውቅም።

ወሬውን ወደምንሠራበት ቦሌ ሚካኤል ያመጣችው ማኅደር የምትባል ፎቶ አንሺ ናት። በየክልሉ ድህነት እንዴት እንደቀነሰ የሚያሳይ ትልቅ የመንገድ ሰሌዳ እንድትሠራ አንድ ድርጅት አዟታል። ገጠር ድረስ የመሄድ ጊዜ የላትም። ስለዚህ ሩዋንዳ ሰፈር ያለ አንድ ገስት ሃውስ ጓሮ ውስጥ ጭድ በአይሱዙ አስገልብጣ፣ አንድ በግ አሳስራ፣ ገጠሩን እዚያው ሠራችው። የቀራት ሰው ነበር። ዮሃናን ጁስ ስትፈጭ እንዳየቻት «የትግራይ እናት አገኘሁ!» አለች።

«እናት?» አለች ዮሃና፤ እንደ እኔው ገና ወጣት ናት። «መቀሌ እኮ ፎቅ ላይ ነው ያደግኩት። በግ የማውቀው ለፋሲካ ነው።»

«ችግር የለም፣ ሹሩባ እናሠራሻለን። አሁን የጎደለኝ ባል ነው።»

ብርጭቆዬን አስቀምጬ ተነሳሁ። «እኔ አለሁ። አባቴም እናቴም የትግራይ ናቸው።»

ማኅደር ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። አጭርና ጉንጫም ነኝ። «የኔ ወንድም፣ አትመስልም» አለችኝ። «የሰሜን ሰው ረዘም፣ ቀጠን ይላል፤ አፍንጫውም ሰልካካ ነው። ሰው ገና ሲያየው ማወቅ አለበት።»

ይሄኔ ነው ሀሩን የሚያዞራቸውን የሞባይል ሽፋኖች አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ማንጎ ሊጠጣ የገባው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰልካካ።

«ይኸው!» ብላ ጮኸች ማኅደር። «ከየት ነህ?»

«ከስልጤ።»

«ስልጤማ ነጋዴ ነው፤ እኔ የምፈልገው ገበሬ ነው። ግን ፊትህ ይበቃል።»

«ነጋዴ?» ሳቀ ሀሩን። «አባቴ እስከዛሬ በርበሬ ነው የሚያመርተው። እኔስ ብሆን በዚህ ሽፋን ስከብር አየሽ?»

ማኅደር አልሰማችውም። ዮሃና ግን በሳቅ ፈረሰች። በእኔ ንግግር እንዲህ ስቃ አታውቅም፤ እርግጥ ስኳር አያስቅም።

ቅዳሜ ጓሮው ደረስን። ማኅደር አዝናልኝ ነው መሰለኝ እኔንም ጠርታኛለች። ሰሌዳው ሁለት ወገን አለው፤ በግራ «በፊት»፣ በቀኝ «ዛሬ»። እኔ የ«በፊት» ሰው ሆንኩ። ድሃ ለመሆን የክልሉን ሰው መምሰል አያስፈልግም ማለት ነው። የተቀደደ ጋቢ አልብሰው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ።

ፊት ለፊቴ ሀሩን ነጭ በነጭ ለብሶ የዮሃናን እጅ ይዟል።

«ባል ከሆንክ እስቲ በትግርኛ ‹ፍቕረይ› በለኝ» አለችው።

አለ። እንዴት ብሎ እንዳለው አትጠይቁኝ፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ያንን ቃል እኮ እኔ አሳምሬ እለው ነበር። በልቤ ስንቴ ብዬዋለሁ።

ሀሩን ዞር ብሎ አየኝ። «መርሃዊ፣ ምነው አኮረፍክ? ብሔርህን ወሰድኩብህ እንዴ?»

ብሔሬንስ ይውሰድ፤ እጇን ይልቀቅ። ፊቴ ላይ ምን እንደታየ እንጃ፣ ማኅደር ካሜራዋን ይዛ ወደ እኔ ሮጠች።

«እንዳትነቃነቅ! ይሄ ነው! ድህነት ማለት ይሄ ነው!»

ሰሌዳው ወደ ቦሌ አራብሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ተሰቀለ። የምኖረው አራብሳ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ጠዋትና ማታ በሥሩ አልፋለሁ። የግራው ሰውዬ የቀኞቹን አፍጥጦ ያያቸዋል። የታክሲው ረዳት ሳይቀር «ወንድም፣ ድሃው አንተ አይደለህ? ካንተማ ሂሳብ አንቀበልም» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀ፤ ስወርድ ግን ተቀበለኝ። የእንጨት ቤቱ ባለቤት ጋሽ ገሰሰ ደግሞ «እኔ ጋ እንዲህ ያለ ፊት አይቼብህ አላውቅም፤ ሰው ደሞዝ አይከፍለውም እንዳይለኝ» አሉኝ።

በሳምንቱ ዮሃና ሽርጧን እንዳገለደመች እንጨት ቤት መጣች። ጋሽ ገሰሰ መሰንጠቂያ ማሽኑን አጠፉት። ሊሰሙ ነው።

«ሰሌዳውን አየሁት» አለች።

«ያላየው የለም።»

«ምን ነበር እንደዚያ የምታየው?»

«በጉን።»

«በጉ የታሰረው ካንተ ኋላ ነበር፣ መርሃዊ።»

የያዝኩትን መላጊያ አስቀመጥኩ። «ሀሩን እጅሽን ይዞት ነበር» አልኩ።

«ማኅደር ያዝ ስላለችው ነዋ። አንተንስ አትያዝ ያለህ ማነው?»

ጋሽ ገሰሰን ሳል ያዛቸው። እጄን በሱሪዬ ጠረግኩና እጇን ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነበር፤ አቮካዶ አቮካዶ ይላል።

አሁን እሁድ እሁድ አብረን እንወጣለን። ሀሩንም እንደ ድሮው ማንጎውን ይጠጣል። ሲያገኘኝ «ሚስቴ ደህና ናት?» ይለኛል፤ ሰው ይስቃል፣ እኔም ለይምሰል እስቃለሁ። ጠዋት ታክሲው በሰሌዳው ሥር ሲያልፍ ግን ነገሩ ያው ነው። «ዛሬ» በሚለው በኩል ሀሩን እጇን አልለቀቀም፤ እኔም «በፊት» ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ክረምት እየገባ ነው። ንፋሱ ሰሌዳውን ሲቀድ እሷን ሳይነካ ሀሩንን ብቻ ለይቶ እንዲወስድልኝ እለምናለሁ።