ስልሳ ጊዜ «የለም»

በሴቶች ጤና ምርምር ክፍል ውስጥ አንድ የማይሻር ሕግ አለ፤ ጀማሪ ተመራማሪ መጠይቁን ይዞ ሰው ዘንድ ከመውጣቱ በፊት፣ ከመስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጦ የራሱን ጥያቄ ራሱ ይመልሳል። ወንድም ቢሆን አይቀርለትም። ሕጉን ያወጡት የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ፕሮፌሰር ከሆኑ ቆይተዋል፤ ሥራ የጀመሩት በአዋላጅነት ስለነበር ግን እስከ ዛሬ ሁሉም «አዋላጇ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል።

ጀማሪዋ ሕጉን ዘለለችው። መጠይቋ ከወለዱ በኋላ ሽንት ስለሚያመልጣቸው እናቶች ነበር። «ወንበሯ ላይ ተቀምጬ ሞክሬዋለሁ» ብላ ዓይኗን በጨው አጥባ ፈረመችና ወደ ሕፃናት ክትባት ክፍል ገሰገሰች። የሁለተኛውን ዓመት ሥልጠና የምታገኘው በሁለት ወር ውስጥ ለክፍሉ ኮሚቴ ውጤት ካቀረበች ነው፤ አለዚያ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ወረፋ የያዙ ስልሳ እናቶችን ጠየቀች። ስልሳዎቹም «የለም» አሉ።

አዋላጇ ቅጾቹን አንድ በአንድ ገለጡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ እነዚህን እናቶች ከየት አመጣሻቸው? ከሰማይ ነው የወረዱት?»

«ምን ላድርግ እትዬ፣ ሁሉም የለም አሉኝ።»

«እስቲ ወንበሯ ላይ ቁጭ በይ።»

ቁጭ አለች። አዋላጇ መጠይቁን አንስተው በራሷ በጀማሪዋ ጥድፊያ አነበቡላት፤ «ሽንት የማምለጥ ችግር አለብዎት?» በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውጭ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ሲሳሳቁ ይሰማል።

«የለም» አለች ጀማሪዋ፤ ፊቷ ፍም መሰለ። ልጇ አሥር ወሩ ነው። እሱን ከወለደች ጀምሮ ሲያስነጥሳት እግሯን ታጣምራለች፤ ከቦርሳዋም መቀየሪያ የውስጥ ልብስ አይጠፋም። ወንበሯን የሸሸችው ለዚሁ ነበር።

አዋላጇ ተነስተው በሩን ዘጉ።

«ስልሳ አንድ» አሉ።

ጀማሪዋ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው። አዋላጇ ለራሷ ሕክምና የምትሄድበትን ወረቀት ጽፈው ሰጧት። ስለ ፊርማው ግን አላለፏትም። «ሁለተኛ እንዳትዋሺኝ» አሉ፤ ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳብ አደረጉ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። በይ፣ እንልቀም።»

ከሰዓቱን ሙሉ ሲያፈርሱና ሲሠሩ ዋሉ። «ችግር» የሚለው ቃል ወጣ። «ሲያስሉ ወይም ሲስቁ ምን ያደርጋሉ?» እና «ረጅም መንገድ ሲሄዱ ምን ይይዛሉ?» የሚሉት ገቡ። በር ሳይዘጋ ማንም እንዳይጠየቅ ተብሎም ተጻፈ።

«አሁን በአንዲት እናት ሞክሪው» አሉ አዋላጇ። ጀማሪዋ ስልኳን አውጥታ ወደ እናቷ ስትደውል፣ ቀስ ብለው ወጡና በሩን ከውጭ ዘጉላት።

«እማዬ፣ ለሥራዬ ነው። ረጅም መንገድ ስትሄጂ ምን ትይዣለሽ?»

«እኔ ደግሞ የምን ረጅም መንገድ እሄዳለሁ ልጄ?»

«ለምን?»

እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ወዳንቺ የሚመጣው አውቶቡስ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ አይቆምም። አንቺን ከወለድኩ ወዲህ ሽንቴ አያስችለኝም። ይሄን ለማን ይነግሩታል?»

ጀማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የተመረቀች ቀን እናቷ «ጉልበቴን አሞኛል» ብላ ቀርታ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ቂሙን ይዛ ኖራለች፤ ያልኮራችባት መስሏት።

«እማዬ፣ እኔም እንዳንቺው ነኝ። ሕክምና እኮ አለው።»

«አለው እንዴ?» አለች እናቷ። «ታዲያ የተማረ ልጅ ወልጄ ምን ጠቀመኝ፣ እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ!»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሁለቱም እግራቸውን አጣመሩ።

የድሮዎቹ ስልሳ ቅጾች ታስረው መደርደሪያ ላይ ወጡ። ጀማሪዋ ሌሎች ስልሳ እናቶችን በር እየዘጋች ጠየቀች፤ ሠላሳ አንዱ የልባቸውን አጫወቷት። እናቷም በሰፈሯ ጤና ጣቢያ ሽንት የሚይዘውን ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ጀመረች።

ቀኑ ደርሶ ጀማሪዋ ኮሚቴው ፊት ቆመች። ጉሮሮዋን ስትጠርግ የአዳራሹ በር ተከፈተና እናቷ ገባች፤ ሄዳም ከአዋላጇ ጎን ተቀመጠች። ጀማሪዋ የመጀመሪያዎቹን ስልሳ «የለም»ዎች፣ የራሷን ጨምራ፣ ሳትደብቅ ተናገረች። የሁለተኛው ዓመት ቦታም የእሷ ሆነ።

ስትጨርስ እናቷን አቅፋ «እንዴት መጣሽ?» አለቻት። «ዳንሽ እንዴ?»

«ገና ነኝ። ሹፌሩን ሦስት ጊዜ አስቆምኩት» አለች እናቷ። «መጀመሪያ ብቻዬን ወረድኩ። በሦስተኛው ስምንት ሴቶች ተከትለውኝ ወረዱ።»