የትርንጎ አከርካሪና የግንበኛው ቱንቢ

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የራጅ ባለሙያው መርዕድ በክፍሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይብከነከን ነበር። ከዓመት በፊት፣ ጀርባዋ የተጣመመውን የአሥራ ሦስት ዓመቷን ትርንጎን ራጅ ሊያነሳት ሲል፣ የሁለት ቀን መንገድ አድክሟት እግሯ ሲንቀጠቀጥ አይቶ አንጀቱ አልችል አለውና፣ ቆማ መነሳት ሲገባት አልጋው ላይ አስተኛት። የተኛ አከርካሪ የሰውነት ክብደት ስለማይጫነው ቀና ይላል፤ ሐኪሞቹም ተኝታ መነሳቷን ሳያውቁ ፊልሙን አይተው «ጥምመቱ ቀላል ነው፣ ለቀዶ ጥገና አያደርስም» ብለው ሰደዷት። ዛሬ በሐኪሙ ትእዛዝ አቁሞ ቢያነሳት ጥምመቱ እጅግ ብሶ ተገኘ፤ ሳንባዋም ተጨንቆ ቀዶ ጥገናውን ከማትችልበት ደርሳለች። እናቷ ወይዘሮ አንጓች «ውሃ እያሸከምሁ ልጄን የገደልኋት እኔ ነኝ» እያለች ደረቷን ስትመታ መርዕድ ሰምቶ ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። በዚህ ሐሳብ ሲናጥ እንቅልፍ ጣለው።

በሕልሙም አንድ ሽማግሌ ግንበኛ፣ ቱንቢውን በጣቱ አንጠልጥሎ፣ «ተከተለኝ» አለውና ወደ አንዲት የተዋበች አገር አገባው። በዚያች አገር መምህራን በየዓመቱ ተማሪዎቻቸውን ጎንበስ እያደረጉ ጀርባቸውን ያያሉ፤ ጥምመት የተገኘበት ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ቆሞ፣ ከዚያም ወደ ቀኝና ወደ ግራ አጋድሎ ራጅ ይነሳል፤ ሲያጋድል የሚቃናው ጥምመት፣ ጠንክሮ አልቃናም ካለው ይለያል፤ ሐኪሙም ምላጩን ከማንሳቱ በፊት የቱን እንደሚያቀና አስቀድሞ ያውቃል።

«አባቴ፣ ሁሉንም አቁመው የሚያነሱት ስለ ምንድን ነው?» አለ መርዕድ።

«ግድግዳ አስተኝቶ ቱንቢ የሚጥል ግንበኛ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላየሁም።»

«ሰውም ሸክሙ የሚታወቀው ሲቆም ነው።»

መርዕድ በልጆቹ መካከል ትርንጎን ቢፈልግ አጣት። የት እንዳለች ቢጠይቅ ሽማግሌው «እዚህ የገቡት በጊዜ የታዩት ናቸው» አለና ወደ አገሪቱ በር አመለከተው። ከበሩ ውጭ ብዙ ልጆች ጀርባቸው ተጣሞ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ቆመዋል።

«እነዚህስ?»

«አንተ ያዘንህላቸው ናቸው።»

መርዕድ ባንኖ ሲነቃ ገና ዓይን ለዓይን ያስተያይ ነበር። በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ወይዘሮ አንጓች ልጇን ጭኗ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። ያየውንና ያደረገውን ለሁሉ ሊናገር ቆርጦ ነበርና ከእሷ ጀመረ።

«እታለም፣ ውሃው አይደለም። አምና ቆማ መነሳት ሲገባት ያስተኛኋት እኔ ነኝ። ሕመሟ ያልታየው በእኔ ነው።»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው።

«ዶክተር፣ ሌላም ልጅ አስተኝተው አንስተዋል?»

«አዎ።»

«ስንት?»

«አላውቅም።»

«የኔዋስ አልፎባታል። ታዲያ እዚህ ምን ይቆማሉ?» አለችው። «ይሂዱ፣ ይፈልጓቸው።»