ያልታተመው ስድስተኛ ክፍል

"ስድስተኛ የለም አልኩህ እኮ!" አለ ወልደ ሩፋኤል፣ የመጻሕፍቱን አቧራ በጋቢው ጫፍ እያራገፈ። "አምስት ነው። እዚያ ላይ ነው የቆመው።"

ሙሰዓብ ንቅንቅ አላለም። በጠዋት ከደባርቅ ተነሥቶ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተጣቦ ዳባት ድረስ የመጣው "የጨው ነገሥታት" የተባለውን ልብ ወለድ ስድስተኛ ክፍል ፍለጋ ነው።

"ጋሼ፣ አንዲት ልጅ ይዛዋለች። እያነበበችው ነው።"

"ደራሲው ራሱ ያልያዘውን?" ወልደ ሩፋኤል ሳቀ። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ አሁን መናኸሪያው በር ላይ ሸራ አንጥፎ መጽሐፍ ይሸጣል። "ትናንት ከአከፋፋዩ ጋር በስልክ አውርቻለሁ። ሰውየው ገና ጽፎ አልጨረሰውም። ልጅቱ ይዣለሁ ካለችህ ነቢይት ናት ማለት ነው፤ ሂድና ባርኪኝ በላት።"

ሙሰዓብ አልሳቀም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ አባቱ ጨርቅ መሸጫ ውስጥ የተቀመጠ፣ ለደንበኛ ሜትር ሲለካ እንኳ ልቡ ሌላ አገር የሚከርም ልጅ ነው። ጓደኛ የለውም። ያለው የየሺወርቅ ደብተር ነው። ኢንተርኔት ተቋርጦ የደባርቅ አንባቢዎች የቴሌግራም ቡድን ጭር ባለ ጊዜ፣ ፎቶ ኮፒ የምታነሣውና መጽሐፍ የምታከራየው የሺወርቅ አንድ ወፍራም ደብተር ገዝታ ከባንኮኒዋ ጋር በሲባጎ አሰረችው። ሕጓ አንድ ነው፤ አሁን ምን እያነበበ እንደሆነ ሳይጽፍ ሌላ መጽሐፍ የሚከራይ የለም። አንባቢዎቹ ደግሞ የራሳቸውን ሕግ ጨመሩበት፤ የታሪኩን ፍጻሜ የሚጽፍ ሰው ከላይ "መጨረሻው" ብሎ ያስጠነቅቅ፣ ያላነበበ ዓይኑን ያንሣ።

ከሁሉም አሳምራ የምትጽፈው ኑራ ነበረች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከሙሰዓብ እህት ከሰሀር ጋር አንድ ወንበር ላይ ትማር ነበር። ወላጆቿ ስለሞቱ አጎቷ ሸሀቡ ነው የሚያሳድጋት። ሙሰዓብና ኑራ በአፍ ተነጋግረው አያውቁም። በደብተሩ ላይ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ "የጨው ነገሥታት" ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ስለ ልዕልት ዘውዲት፣ በነፋስ ስለሚጋልቡት ወታደሮቿ፣ ሳምንቱ ስማቸው ከእኛ የተለየ ዘጠኝ ቀን ስለሆነው አገሯ።

ከአሥራ አምስት ቀን በፊት ኑራ፣ አጎቷ ከአጠገቧ ቆሞ እያየ፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "የጨው ነገሥታት፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነኝ። አጎቷ የዘውዲትን ማኅተም ቀምቶ ዕድሜዋን በስድስት ዓመት አስጨምሮ አስጽፏል።" ሙሰዓብ ከሥሩ፣ "ወጣ እንዴ? ከየት አገኘሽው?" ብሎ መለሰ። በሳምንቱ ደግሞ ጻፈች፦ "ባሕር ማዶ ላለች ንግሥት ገረድ ልትሆን ተስማምተውላታል። እሷን የጠየቃት የለም።" ሙሰዓብ በቅናት እየነደደ፣ "ስትጨርሺ አውሺኝ። እባክሽ መጨረሻውን አትንገሪኝ" አላት።

ሦስተኛው ጽሑፍ ላይ "መጨረሻው" የሚል አየና በመዳፉ ከድኖ ወደ ሌላ ገጽ አለፈ። አላነበበውም።

አሁን ዳባት መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ ነው ትዝ ያለው፤ ዘውዲት አጎት የላትም። በሁለተኛው ክፍል ዘር ማንዘሯ በጨው ማዕበል አልቋል። የኑራን ጽሑፍ ያነበበ ጊዜ "ደራሲው እንዴት ያለ ብልሃት አመጣ!" ብሎ ነበር ያደነቀው።

ስልኩን አወጣ።

"እትዬ የሺ፣ ደብተሩን ይግለጡልኝ። የኑራን የመጨረሻ ጽሑፍ ያንብቡልኝ።"

"አንተ ልጅ፣ ሱቁን ሰው ሞልቶት ተረት አንብቢልኝ ትለኛለህ?"

"በፈጠረዎ!"

ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። "እሺ... 'መጨረሻው' ይላል። 'ሐሙስ ረፋድ አጎቷ ዘውዲትን ይዟት ይወርዳል። ይህን የሚያነብ ሰው ካለ፣ ዘውዲት መሄድ አልፈለገችም። በዚህ ክፍል ማንም አይመጣም።'" የሺወርቅ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። "ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው? ያ አገር ሐሙስ አለው እንዴ?"

"የለውም" አለ ሙሰዓብ። "ሐሙስ ዛሬ ነው።"

"ወይኔ ልጄን!" አለች፤ አሁን ገብቷታል። "ቅድም እኮ ከአጎቷ ጋር በሱቄ በኩል አለፉ። አዲስ ሻንጣ ይዘው። ሰላም እንኳ አላለችኝም፤ ኮራች ብዬ..."

ቀሪውን አልሰማም። ከደባርቅ ወደ ጎንደር የሚወርድ መኪና ሁሉ በዚህ ያልፋል፤ ኬላው ላይም ይፈተሻል። ሮጠ። ፖሊስ ሱቃቸው ሲገባ ከጨርቅ ጣቃው ጀርባ የሚሸሸገው ልጅ፣ ላቡ በአንገቱ እየወረደ የኬላው አለቃ ሀብተ ሚካኤል ፊት ቆመ።

"አለቃ፣ አንዲት ልጅ በሐሰት መታወቂያ እየወሰዷት ነው። ለደላላ ሊሰጧት ነው።"

"ማስረጃህስ?"

ሙሰዓብ ለመጽሐፍ ሻጩ ሊያሳይ የኑራን ሁለት ጽሑፎች የገለበጠበትን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ሀብተ ሚካኤል ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው።

"ዘውዲት ማናት?"

"የልብ ወለድ ሰው ናት። ግን... መጽሐፉ የለም።"

"የሌለ መጽሐፍ ይዘህ ነው መኪና አስቁምልኝ የምትለኝ?" ሀብተ ሚካኤል ወደ ባልደረባው ዞረ። "ጠዋት በጌ ጠፋብኝ ብሎ የመጣው ይሻል ነበር። እሱስ በጉ ነበረው።"

ከደባርቅ የተነሣ ሚኒባስ መጣ። ተሳፋሪው እየወረደ ተሰለፈ። ሸሀቡ አዲሱን ሻንጣ አንጠልጥሏል፤ ኑራ ጥቁር ሒጃቧን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ከኋላው ቆማለች። ሙሰዓብ በጣቱ አመለከተ። ሀብተ ሚካኤል መታወቂያዋን ተቀብሎ አገላበጠው።

"ስንት ዓመትሽ ነው?"

"ሃያ ሁለት" አለች፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

"ይኸውልህ! መታወቂያውም ሃያ ሁለት፣ እሷም ሃያ ሁለት። ሌላ የምትለው አለ?"

ዘውዲት ብትሆን ትጮህ ነበር። ኑራ አልጮኸችም። የምታየው ሀብተ ሚካኤል እጅ ላይ ያለውን ወረቀት ነው፤ የራሷን ቃላት በሰው እጅ ጽሑፍ ተጽፈው አየቻቸው። አገጯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በሒጃቧ ጫፍ ሸፈነችው።

ሸሀቡ የሙሰዓብን ክንድ ይዞ ፈቀቅ አደረገው። አልተቆጣም፤ ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር።

"የሳሊም ልጅ አይደለህም? ከአባትህ ጋር በአንድ ሰፍ፣ ትከሻ ለትከሻ ነው የምንሰግድ። ስማኝ ልጄ፤ ትምህርቱ ተዘግቷል፣ ቤቴ ስምንት ነፍስ አለ። እዚህ ቀርታ ምን ትሁንልህ? ወላሂ ለክፉ አይደለም።"

"እሷን ጠይቀዋታል?"

ሸሀቡ ወደ ተራራው አየ። "ቀልዴን ነበር በለው። አለቃው ይስቅብሃል፣ ያበቃል። አባትህም አይሰማም፤ ይኼው ቃሌ።"

ቀላል ነበር። ቀልዴን ነበር፤ ሁለት ቃል። ነገ ተመልሶ ጨርቅ ይለካል፣ ማታ የሰው ታሪክ ያነባል።

ሹፌሩ ጥሩንባውን አስጮኸ። "አለቃ፣ እንለፍ ወይስ እዚሁ እንደር?"

"ቆይ!" ሀብተ ሚካኤል መታወቂያውን እንደያዘ አንዴ ኑራን፣ አንዴ ሙሰዓብን አየ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል። "ስማ አንተ፤ በአፍ መኪና አላግትም። ክስ ካለህ በጽሑፍ ነው። ስምህን ከነአያትህ፣ ምስክርህን ጭምር ጽፈህ ትፈርማለህ። ደባርቅ ደውዬ የትምህርት ቤቱን መዝገብ አስጣራለሁ። ሐሰት ከሆነ የምትታሰረው አንተ ነህ። ልጅቱ ደግሞ ሰምተሃታል፤ ሃያ ሁለት ብላለች። ከጎንህ አትቆምም ይሆናል።"

"አውቃለሁ" አለ ሙሰዓብ።

አለቃው የሰጠውን የክስ ቅጽ የኬላው ግንብ ላይ ዘረጋው። ሙሰዓብ ብሎ ጻፈ። ሳሊም ብሎ ሲጨምር ሸሀቡ ከኋላው፣ "ተው ልጄ፣ አባትህን አታስገባው" አለ፣ በለሆሳስ። ኑርሁሴን ብሎ አያቱንም አስከተለ። "ምስክር" ከሚለው ቦታ ሲደርስ ቆመ፤ ከኑራ ጋር አንድ ወንበር ላይ የተማረችውን፣ አሁን እቤት ምንም ሳታውቅ የተቀመጠችውን እህቱን አሰበ።

ሰሀር ሳሊም ብሎ ጻፈና ከሥሩ ፈረመ።