የግድግዳው ገድል

ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ በወጣ ሰሞን እዚያው አንኮበር ለቀሩት ለመሪጌታ ዘርአ ዳዊት የተረፋቸው ክብር አንድ ብቻ ነበር፦ በየዓመቱ በጻድቁ በዓል ገድሉን በግዕዝ አንብቦ ለሕዝቡ በአማርኛ መተርጎም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያቺን ቀን የተጋፋቸው የለም።

ዘንድሮ ግን የደብሩን ወጪ የሚችሉት ወይዘሮ አመተ ማርያም ሠዓሊ አስመጥተው ያንኑ ገድል በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ አሳሉት። መሪጌታ በበዓሉ ዋዜማ መጽሐፋቸውን በብብታቸው ይዘው ሊያዩት ገቡ። ሠዓሊው ኪዳነ ማርያም ከጥፍሩ ላይ ቀለም እየፈቀፈቀ ቆሟል።

«በገድሉ ጻድቁ ከጾም ብዛት አጥንታቸው ይቆጠራል። ይኼ ባለ ሁለት አገጭ ማን ነው?»

«ጻድቁ ናቸው፣ የኔታ።»

«በምን ወፈሩ? በቀለም?»

«እሜቴ ከሲታ ጻድቅ አይወዱም።»

«ሽፍታውስ? መጽሐፉ ጦሩን አነሣ ይላል፤ አንተ ውጅግራ አስይዘኸዋል። ጻድቁ ካረፉ አራት መቶ ዓመት አልፏቸዋል እኮ! ጠመንጃውን ማን ሸጠለት፣ የአሊዩ አምባ ነጋዴ?»

«አሁን ጦር ማን ይፈራል ብለው ነው?»

«ለመሆኑ ገድሉን አንብበኸዋል?»

«እሜቴ ነገሩኝ።»

«እሳቸውስ ከማን ሰሙት?»

«ከርስዎ። እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ድረስ ያለውን።»

መሪጌታ ሽፍታውን ትክ ብለው አዩት። በሥዕል ወግ ክፉ ሰው ከጎን ስለሚሳል አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል፤ ያም ሆኖ ከሠዓሊው እሱ የተሻለ የሚያይ መሰላቸው።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ሕዝቡ ጀርባውን ለመሪጌታ፣ ፊቱን ለግድግዳው ሰጥቷል። «ሽፍታውም ጦሩን አነሣ» ብለው ሲተረጉሙ ጠጅ ጣይዋ ዘርፈሽዋል ከሴቶቹ መካከል ጮኸች፦

«የኔታ፣ ጠመንጃ ነው እንጂ! ዘለሉት እኮ!»

«መጽሐፉ ጦር ነው የሚለው።»

«እንግዲያ መጽሐፉ ተሳስቷላ! ይኸው እያየነው!»

ሰዉ ሳቀ። ወይዘሮ አመተ ማርያም ምርኩዛቸውን እንደተደገፉ፣ «ዓይንዎ ደክሟል መሰለኝ፣ መሪጌታ። ከዛሬ ጀምሮ አባ ገብረአማኑኤል ቢያነቡልንስ?» አሉ።

አባ ገብረአማኑኤል ዳዊት እንኳ በወጉ መድገም የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ቢሆንም ጉሮሯቸውን መጥረግ ጀመሩ።

መሪጌታ ጣታቸውን ከመስመሩ ላይ አላነሡም። «ወአንሥአ ኵናቶ» ብለው በግዕዝ ደገሙት። ጦሩን አነሣ ማለት ነው፤ አንዲት ፊደል አልነኩም። ከዚያ ቀና አሉና ጥርሳቸውን ነክሰው ወደ አማርኛው ተሻገሩ፦

«ሽፍታውም ውጅግራውን አቀባበለ።»

እልልታው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ።

«አየሽ» አሉ ወይዘሮ አመተ ማርያም ለዘርፈሽዋል፣ «ሲጠነቀቁ እኮ ያነባሉ።»