ሳህን አጥባ የማታውቀው ዳኛ

ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስቱ ጓደኛሞች ተራ በተራ አንዷ ቤት እየተሰበሰቡ ምሳ ይበላሉ። እያንዳንዷ ቤቷ ያበሰለችውን ስጋ ከነድስቱ በጨርቅ ጠቅልላ ትመጣለች። ሕጉ አጭር ነው። ያበሰለችው ሴት ስጋው ከየትኛው ብልት እንደሆነ አትናገርም፤ የቀሩት ቀምሰው ይናገራሉ። የሳተች ሳህን ታጥባለች።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሳህን ያላጠበችው የመዋዕለ ሕፃናቱ ምግብ አብሳይ ናት። ዳኛ የሚል ቅጽል የወጣላትም በዚሁ ነው። ቁራሹን አፏ ውስጥ ሁለቴ አገላብጣ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣ “ወርች ነው፤ የቀኙ” ትላለች። “የቀኙ” የምትለው ለቀልድ ነው፤ ያም ሆኖ አንዳንድ ጊዜ ያምኗት ነበር።

ብዙውን ሳህን ያጠበችው ደግሞ፣ ማን ያምናል፣ የልኳንዳው ሚስት ናት። ሃያ ዓመት ባሏ ሲቆርጥ ከጎኑ ቆማ ስትመዝን የኖረች ሴት፣ እጅጌዋን ሰብስባ የሰው ሳህን ስትፈትግ ማየት ለልብስ ሰፊዋ የሳምንቱ ትልቅ ደስታ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሦስተኛዋ ናት። ብታውቅም ባታውቅም ግድ የላትም፤ የምትመጣው ለወሬው ነው።

ታዲያ ዳኛዋ ከአራት ወር ወዲህ ምንም አይሸታትም።

አንድ ሳምንት ትኩሳት ጥሏት ሰነበተና ስትነሳ ሽንኩርቱም ውሃ፣ ሳሙናውም ድንጋይ ሆኖ ጠበቃት። ጨውን ከስኳር ትለያለች፣ ኮምጣጣውን ታውቃለች፣ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ጠፍቷል። የጤና ጣቢያው ነርስ፣ “አንዳንዱ ሰው ላይ በወር ይመለሳል፣ አንዳንዱ ላይ ይቆያል” አላት። “አንዳንዱ ላይስ?” ብላ ስትጠይቀው “ቀጣይ” ብሎ በር ላይ ያለውን ሰው ጠራ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ልጇ ሳትነቃ ጎንበስ ብላ ማጅራቷን ታሸታለች። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የምታውቀው ጠረን ነው። የለም። ልጅቷ አንድ ቀን ነቅታ፣ “እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?” ስትላት፣ “ትኩሳት ያለብሽ መስሎኝ ነው” ብላ አለፈችው።

ለማንም አልተናገረችም። የሚኖሩባቸው ሁለት ክፍሎች ከመዋዕለ ሕፃናቱ ማዕድ ቤት ጀርባ ናቸው፤ ከሥራው ጋር የተሰጡ ናቸውና ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል። የልጇ የመጨረሻ ፈተና ሁለት ወር ቀርቶታል። ዳኛዋ ደግሞ ክፉ ክፉውን አስቀድማ የምታስብ ሴት ናት። ልጅቷ ሩብ ሰዓት ከዘገየች መኪና ገጭቷታል፤ ስልክ ከጮኸ አንድ ሰው ሞቷል። ስለዚህ ስልሳ ሕፃን መርዛ ፖሊስ እጇን ይዞ ሲወስዳት በየሌሊቱ በሐሳቧ ታያለች፤ ሲነጋ ያንን ለማስቀረት የማትሠራው ነገር የለም። ስጋው ሲመጣ በጣቷ ትጫነዋለች፤ ስርጉዱ ቶሎ ካልሞላ ትመልሰዋለች። በነጭ ጨርቅ ትጠርገዋለች፤ ጨርቁ ከተዝለገለገ ትመልሰዋለች። እንቁላሉን ውሃ ውስጥ ትከታለች፤ ከተንሳፈፈ ትጥለዋለች። ጨዉን በማንኪያ ለክታ በቢላ ትደለድላለች። ጋዙን ከመክፈቷ በፊት ክብሪቱን ትለኩሳለች። ቅመሙን ደግሞ ለሕፃናቱ ሞግዚት አቅምሳ ቅንድቧን ታያለች። ቅንድቡ ከፍ ካለ በዝቷል፣ ዝም ካለ ደህና ነው። በአራት ወር ውስጥ አንድም ልጅ ሆዱን አላመመውም። ስጋውን ደግሞ በጥርሷ ትለየዋለች፤ ክሩ ረጅም ይሁን አጭር፣ ይሰንጠቅ ወይም ይፍረስ፣ ለዚህ አፍንጫ አያስፈልግም። ቅዳሜ ቅዳሜም ዳኛ እንደሆነች ቀጠለች።

የተነቃባት ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ልብስ ሰፊዋ ቤት ተቀምጠው ሲያወሩ ምድጃው ላይ የተረሳ ድስት አረረ። ለማዕድ ቤቱ በር የምትቀርበው ዳኛዋ ነበረች። ጭሱ በራሷ ላይ አልፎ ሁለቱ “ኧረ ድስቱ” ብለው ሲነሱ እሷ ገና ስለ ልጇ ፈተና እያወራች ነበር። “ሐሳብ ይዞኝ ነው” አለች። ልብስ ሰፊዋ ሳቀችና ረሳችው። የልኳንዳው ሚስት ግን አልሳቀችም።

በዚህኛው ቅዳሜ ተራው የልኳንዳው ሚስት ነበር። ዳኛዋ ድስቷን ታቅፋ ስትገባ ጠረጴዛው ላይ አራት ሳህን አየች። የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል።

“እርስዎም እዚህ ነዎት?” አለች፣ ድስቷን እንዳቀፈች።

“ተጋብዤ ነው” አሉ ዳይሬክተሯ። “ስለ ዳኝነትሽ ስሰማ ኖሬ አንድ ቀን በዓይኔ ልየው አልኩ።”

“የልጅ ልጄን ጉዳይ ልጠይቃቸው ሄጄ በዚያው ይዣቸው መጣሁ” አለች የልኳንዳው ሚስት። የልጅ ልጇ እዚያው መዋዕለ ሕፃናት ነው የሚውለው።

የልብስ ሰፊዋ ድስት ቀደመ።

“ጎድን ነው” አለች የልኳንዳው ሚስት፣ ገና አላምጣ ሳትጨርስ።

“ጎድን ከሆነ አጥንቱ የት ሄደ?” አለች ዳኛዋ።

“ነቅላዋለቻ።”

“ማን? እሷ? እሷ የምታውቀው ክር መንቀል ነው።”

“ክር የነቀለ እጅ አጥንት አያቅተውም፣ እህቴ” አለች ልብስ ሰፊዋ።

“እስቲ እዩት። አንድ ረድፍ ስጋ፣ አንድ ረድፍ ስብ። ጎድን ላይ ስቡ ከላይ ነው የሚጋደመው። ይሄ ፍሪምባ ነው፤ ለዚያውም ከጫፉ።”

“ፍሪምባ እንዲህ አይለሰልስም።”

“ሦስት ሰዓት ከተቀቀለ ያንቺም ምላስ ይለሰልሳል።”

ልብስ ሰፊዋ እየሳቀች ፍሪምባ መሆኑን አመነች። ዳይሬክተሯ አጨበጨቡ። የልኳንዳው ሚስትም ሳቀች፤ እንደ ወትሮው ግን አልተናደደችም። ዳኛዋ ይህን ልብ ልትለው ይገባት ነበር። ነገር ግን የዳይሬክተሯ ጭብጨባ ልቧን አሞቀውና ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። የራሷ ድስት ተከተለ። ወርች መሆኑን ሁሉም አወቀ፤ ቀላል ነበር። ዛሬ ነገር እንዳይከር ብላ ቀላሉን መርጣ ነበር የመጣችው።

በመጨረሻ የልኳንዳው ሚስት የራሷን ድስት አቀረበች። ለሁሉም ቆራርጣ አወጣችና ክዳኑን መልሳ ደፋችው፤ ቶሎ ብላ። ከዚያ አፍንጫዋን ሸብሸብ አደረገች፤ እንዳይታይባት የፈራች ያህል ፊቷን መለስ አደረገችው። ልብስ ሰፊዋ ከእጅጌዋ መሐረብ አውጥታ አፏ ላይ ያዘች። ዳይሬክተሯ ሳህናቸውን በአንድ ጣት ገፋ አድርገው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ዳኛዋ ቁራሹን በሹካዋ ወግታ ይዛለች። ቀለሙ ደህና ነው። ስትጫነው ደህና ነው። ጨርቅ ቢኖራት ትጠርገው ነበር። ከንፈሯ ድረስ አደረሰችውና ቆመች፤ ነገሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባት። ዳይሬክተሯ ለምን እንደመጡ። የአራተኛው ሳህን ምክንያት። የከረመ ስጋ አቅርበው ትበላው እንደሆነ ሊያዩ ነው። ከበላችው አለቀላት፤ ሥራውም፣ ቤቱም፣ የልጅቷ ፈተናም። ደግነቱ ፊታቸውን አይታለች። ደግነቱ እነዚህን ፊቶች ዘጠኝ ዓመት ታውቃቸዋለች።

ሹካውን አስቀመጠች።

“ይቅርታ አድርጊልኝና ይሄ ስጋ ተበላሽቷል” አለች።

“ተበላሽቷል?” አለች የልኳንዳው ሚስት።

“አዎ። ለባልሽ ንገሪው። ከትናንት ወዲያ የታረደ ነው። ገና ክዳኑ ሲነሳ ነው የሸተተኝ፤ ላሳፍርሽ ስላልፈለግሁ ነው ዝም ያልኩት።”

ዳይሬክተሯ ከመስኮቱ ዞሩ። “ምን ምን ነው የሚሸተው?”

“እንዴት?”

“ማለቴ፣ እኔ እንደናንተ አዋቂ አይደለሁም። እስቲ ንገሪኝ፣ ሽታው ምን ይመስላል?”

“እንደ… እንደ ከረመ ወተት ነው። ኮምጠጥ ያለ” አለች ዳኛዋ። ድምፅዋ እየጠነከረ ሄደ። “ማዕድ ቤቴ እንዲህ ያለ ስጋ ቢመጣ ከበር ነው የምመልሰው። ሕፃን ልጅ በዚህ ይሞታል።”

የልኳንዳው ሚስት እጇን ሰዳ ዳኛዋ ካስቀመጠችው ሹካ ላይ ቁራሹን መዝዛ አፏ ውስጥ ከተተችው። በዝግታ አላመጠች። ዋጠች።

“ዛሬ ማለዳ የወጣ ጭቅና ነው” አለች።

መጀመሪያ የሳቀችው ልብስ ሰፊዋ ናት። መሐረቡን ከአፏ ስታነሳ ሳቁ ቀድሞ አፈተለከ። “ውይ፣ የከረመ ወተት” አለች፤ “ልሞት ነው። ክዳኑ ሲነሳ ሸተተኝ ትላለች እኮ።” ሳህኗን ሳብ አድርጋ መብላት ጀመረች። ዳይሬክተሯም ሹካ አነሱ። አልሳቁም። በሥርዓት፣ በትንሽ በትንሹ እየቆረጡ በሉ።

ዳኛዋ ተራ በተራ አየቻቸው። ፊቶቹ ሁሉ ደህና ሆነዋል፤ የተሸበሸበው ተዘርግቷል። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አሉ ዳይሬክተሯ።

“አራት ወር። አንድም ልጅ አልታመመም። አንድም። መዝገቡን ይዩት” አለች።

“አውቃለሁ። እስካሁን አልታመመም።” አፋቸውን ጠረጉ። “ሰኞ የማዕድ ቤቱን ቁልፍ ይዘሽ ቢሮ ነይ።”

“ቤቱስ?”

“ለአዲሷ ያስፈልጋል። እስከ ወሩ መጨረሻ ቆዪ።”

“ልጄ ፈተና አለባት። ሁለት ወር ብቻ ነው የቀራት።”

“ብትናገሪ ኖሮ እኮ ሌላ ነበር” አሉ ዳይሬክተሯ፤ ከዚያ ለልኳንዳው ሚስት፣ “እጅሽ ይባረክ፣ እንዴት ለስልሷል” አሏት።

ዳኛዋ ልትሄድ ተነሳች። ልብስ ሰፊዋ እጅጌዋን ያዘቻት። “ወዴት ነው? ሕግ ሕግ ነው፣ እታለም። ዘጠኝ ዓመት በኛ ላይ ስትፈርጂ ኖረሻል።” ባዶውን ሳህን በሁለት እጇ አቀበለቻት።

ዳኛዋ ተቀበለቻት። ለምን እንደተቀበለች ኋላ ብታስበው አልገባትም። አራቱንም ሳህን ደራርባ ማዕድ ቤት ገባች፣ ውሃውን ከፈተች። በግድግዳው በኩል ድምፃቸው ይሰማል፤ ጭቅናና ሽንጥ ሲበስሉ ማን ይለያቸዋል በሚለው እየተከራከሩ ነው። ዳኛ ስለሌለ ክርክሩ ማለቂያ አልነበረውም።

የልኳንዳው ሚስት ገብታ ከአጠገቧ ቆመች። የታጠበውን ሳህን አንስታ ታደርቅ ጀመር።

“አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?” አለች ዳኛዋ።

“እኔ ነኝ።”

“እኔን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?”

“ትነግሪኝ ነበር?”

ዳኛዋ ቀጣዩን ሳህን አነሳች።

“የልጅ ልጄ እዚያ ነው የሚበላው” አለች የልኳንዳው ሚስት።

“አራት ወር በላ።”

“በላ። አምስተኛውን እኔ አልጠብቅም።” ሳህኑን ወደ ብርሃኑ አነሳችው። “ልብስ ሰፊዋ የከረመ ስጋ እናብላት ነበር ያለችው። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። የተበላሸ ስጋ ከኔ ቤት አይወጣም አልኳት። ደግሞም አያስፈልግም፤ ዳኛችን ፊት አይታ ነው የምትኖረው፣ ፊት እናሳያት አልኩ።”

“አንቺ ነሽ ያልሽው።”

“ከኔ በላይ ማን ያውቅሻል?” ሳህኑን መለሰችላት። “ይሄን ድገሚው፤ ከሥሩ ቅባት ይዟል። ዘጠኝ ዓመት አጥቤዋለሁና አውቀዋለሁ።”

ዳኛዋ ደገመችው።

ልትወጣ ስትል የልኳንዳው ሚስት እንደ ሁልጊዜው ምሳ ዕቃ ሞልታ አስያዘቻት። “ለልጅቷ ነው። ከጭቅናው። ምን አጠፋች እሷ።”

ቤቷ ስትደርስ ልጇ ደብተር ላይ አቀርቅራለች። ምሳ ዕቃውን ስታይ ተነሥታ ተቀበለቻትና ክዳኑን ከፈተችው።

“ውይ እማዬ፣ ሽታው ደስ ሲል።”

እናትየው ፊቷን አየች። ቅንድቧን፣ የአፍንጫዋን ዳር፣ የከንፈሯን ጫፍ። ሁሉም ደስ ያለው ሰው ፊት ነው። የልብስ ሰፊዋም መሐረብ ግን እውነት መስሎ የተያዘ መሐረብ ነበር።

“እውነትሽን ነው?”

“ምኑ?”

“የሸተተሽ።”

“እማዬ ደግሞ። ስጋ ስጋ ነው የሚለው። ምን እንዲለኝ ፈለግሽ?” ሹካ አነሳች።

“አትንኪው።”

“እንዴ?”

እናትየው ምሳ ዕቃውን ከእጇ ነጥቃ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገለበጠችው፤ በሽንኩርት ልጣጭ ሸፈነችው። ልጅቷ ሹካዋን እንደያዘች ቀረች።

“ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላሁም እኮ።”

“ድንች እቀቅልልሻለሁ።”

“ምን ሆኖ ነው ግን? ተበላሽቶ ነው?”

“አላውቅም” አለች እናትየው።

ክብሪቱን አስቀድማ ለኮሰች፣ ከዚያ ጋዙን ከፈተች። ጨዉን በማንኪያ ለክታ በቢላ ደለደለች። ልጅቷ ትንሽ ቆማ አየቻትና ወደ ደብተሯ ተመለሰች። እናትየው ጀርባዋን ሰጥታ ድንቹን ትልጥ ጀመር። ስለ ሰኞ፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለነዚህ ሁለት ክፍሎች የምትነግራት ነገር ነበራት። ስትነግራት ግን ዞራ የልጇን ፊት ማየት ሊኖርባት ነው።

ሁለተኛውን ድንች አነሳች።